ሽምብራ ታክላለች

በረዶው የላስቲኩን ጣሪያ ሲቀጠቅጥ ስልኩ ጮኸ። ችግኝ ሻጯ በአንድ እጇ የዳሱን ምሰሶ፣ በሌላው የተገነጠለውን የላስቲክ ጫፍ ጨብጣ ነበር። ምሰሶውን ብትለቅ ጣሪያው፣ ላስቲኩን ብትለቅ የቃሪያው ችግኝ ይሄዳል። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አያስፈልጋትም፤ ሰማዩ እንዲህ ሲጠቁር የሚደውልላት አንድ ሰው ብቻ ነው። የላስቲኩን ጫፍ በጉልበቷና በመደቡ ጠርዝ መሀል ቀርቅራ ስልኩን አወጣች።

"እማዬ፣ እየወረደ ነው?" አለች ልጇ።

"እየወረደ ነው።"

"ምን ያክላል?"

እናት ወደ ደጅ አየች። አስፋልቱ ላይ የሚነጥረው በረዶ ትንሽ ሎሚ ይወጣዋል። አንዱ በር ላይ የቆመውን የውሃ ባልዲ መታውና ባልዲው ተንከባሎ ሄደ።

"ሽምብራ ታክላለች" አለች።

"ሽምብራ ብቻ?"

"ሽምብራ ነው ያልኩሽ። ከሽምብራም ደቃቃው።"

ከልጇ ኋላ የማሽን እምምታና የሰዎች ንግግር ይሰማል። "እኔ ጋ ግን ራዳሩ ላይ ሰፈርሽ ወይን ጠጅ ሆኗል እማዬ። ይሄ ቀለም የሚመጣው ትልልቁ ሲወርድ ነው።"

"ማሽኑ ቸኩሎ ይሆናላ። እኔ ደህና ነኝ፤ አትጨነቂ። ምሳ በላሽ?"

በልቻለሁ አለች ልጇ። እናት ምን እንደበላች ጠየቀች፤ ልጇ የበላችውን ነገረቻት፤ እናት ይሄ ምግብ ነው ወይ ብላ ትንሽ ተቆጣች፤ ስልኩ ተዘጋ። ኪሷ ስትከተው ከላይ አንድ ነገር ጷ አለ። ላስቲኩ ተበስቶ አንድ የበረዶ ድንጋይ ጎመኑ መሀል ዘጭ አለ።

በረዶው እንደ አጀማመሩ ድንገት ቆመ። የታችኛው ሰፈር ሰው መጥረጊያ እየያዘ ብቅ ብቅ አለ። ከአጠገቧ ካለው ሱቅ ቆርቆሮ ሠሪው መሰላሉን በትከሻው አጋድሞ መጣ። ሳትጠራው መምጣት ከለመደ ቆይቷል። የአትክልት ማጠጫ፣ ባልዲና የጣሪያ አሸንዳ ይሠራል፤ በዝናብ ወራት ደግሞ የሰፈሩ ጣሪያ ሐኪም እሱ ነው። መሰላሉን አስደግፎ ወደ ላይ አየ፣ ወደ መደቡ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

"ዛሬስ ምን አልሻት?"

"ሽምብራ።"

ጎንበስ ብሎ አንዱን የበረዶ ድንጋይ አነሳና መዳፉ ላይ አገላበጠው። "ይቺን ሽምብራ የሚቆረጥም ጥርስ ያለው ወንድ አሳዪኝና ዛሬውኑ ልዳርልሽ።"

"ጋሼ፣ ተወኝ እንግዲህ። አንተ ሐብሐብ ስላልክ ምን ፈየድክ?"

ቆርቆሮ ሠሪውም ባንድ ወቅት እንደ እሷ በረዶ ተመልካች ነበር። የራዳር ጣቢያው ጥናቱን ሲጀምር ከየሰፈሩ ፈቃደኛ ሰዎችን መዝግቦ፣ በረዶ በወረደ ቁጥር እየደወለ ምን እንደሚያክል ይጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ደውለው ሲጠይቁት ሐብሐብ ያክላል አለ። ሰዎቹ ደግመው ጠየቁት። ትንሽ ሐብሐብ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ደውለውለት አያውቁም። ከታችኛው ሰፈር የቀረችው ተመልካች እሷ ብቻ ሆነች።

እሷም ቢሆን ስትጀምር እንዲህ አልነበረችም። ልጇ ጣቢያው ውስጥ ሥራ በያዘች በመጀመሪያው ክረምት እንዲህ እንደ ዛሬው ከባድ በረዶ ወርዶ ነበር፤ ልጇ ስትደውል እናት ያየችውን እንዳየችው ነገረቻት። ብይ ያክላል፣ ጣሪያውን ቀዶታል፣ ብቻዬን ነኝ አለቻት። ልጅ ሥራዋን ጥላ፣ የማታውቀውን ሰው ሞተር ብስክሌት ለምና፣ በዚያ ዶፍ ከኮረብታው ወረደች። መታጠፊያው ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ። እናት በሩን ስትከፍት ልጇ ከላይ እስከ ታች በስብሳ፣ ሱሪዋ ተቀዶ፣ ጉልበቷ ተልጦ ቆማ ነበር። "ደህና ነሽ?" ብላ የጠየቀችው ልጅ ነበረች። የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ በማግስቱ ጠርቶ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ብሏታል።

ያ የተላጠ ጉልበት ከእናት ዓይን አልጠፋም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእሷ አፍ በረዶ ከሽምብራ በልጦ አያውቅም። ይሄን ማድረግ ውሸት ነው ብላም አታውቅም። ሩቅ ላለ ሰው የሚነገረው ደህና መሆን ነው፤ ያደገችውም እንደዚያ ነው። የራሷ እናት እግሯ ተሰብሮ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ወራት ሰው በመጣ ቁጥር የምትልከው መልእክት ደህና ነኝ፣ እየተዘዋወርኩ ነው የሚል ነበር። ልጇ የጣቢያው መኖሪያ ውስጥ ስለምታድር ወደ ቤት ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው። እስከዚያ ድረስ ጣሪያው ይጠገናል፣ የተሰበረው ችግኝ ይነቀላል፣ በቦታው ሌላ ይተከላል።

"ከእሑድ በፊት ይድረስልኝ" አለችው ቆርቆሮ ሠሪውን። "እሑድ ትመጣለች።"

"ይደርሳል። ላንቺ ሽምብራ እኔ ምን ገዶኝ" አለና መሰላሉን ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት እናት ሹራብ በፌስታል አድርጋ ወደ ጣቢያው ሄደች። ልጇ በስልክ አንድ ጊዜ አስነጥሳ ነበር፤ ሹራብ ለመውሰድ ከዚህ በላይ ምክንያት አልፈለገችም። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ የቀረውን አቀበት በእግሯ ወጣች። ከኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከብረት ማማ አናት፣ ያ ትልቅ ነጭ ኳስ ተቀምጧል። ልጇ አንድ ጊዜ እንደነገረቻት ኳሱ ልብስ ብቻ ነው፤ የሚሽከረከረው መሣሪያ ውስጡ ነው። እናት ቀና ብላ ባየችው ቁጥር የሚታያት ግን አንድ ትልቅ ዓይኑ የማይጨፈን ፍጡር ነበር።

የሥራ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በስክሪን ተሞልቷል፤ ማሽኖቹ እንዳይሞቁ ተብሎ ቅዝቃዜው ያንቀጠቅጣል። ሹራቡን በማምጣቷ ደስ አላት። ልጇ ወንበር አቀረበችላት፣ ሻይ አመጣችላት፣ ሹራቡንም ሳትለብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

"ልበሺው እንጂ።"

"እለብሳለሁ እማዬ። ነይ፣ የትናንቱን ላሳይሽ። ይሄ ያንቺ ሰፈር ነው።"

ስክሪኑ ላይ ካርታ ነበር። በካርታው ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም የመሰለ ነገር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይንቀሳቀሳል። አረንጓዴው ዝናብ ነው አለች ልጇ፤ ቢጫው ጠንከር ያለ ዝናብ፤ ቀዩ ሲመጣ እንጠራጠራለን፣ ወይን ጠጁ ሲመጣ በረዶ ነው እንላለን። እናት በምን እንደሚያውቅ ጠየቀች። ልጇ ይሄን ጥያቄ የምትወደው መሆኑ ከፊቷ ታየ። ራዳሩ የማይታይ ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ደመናው ውስጥ ያለውን ነገር መትቶ ይመለሳል፣ ያገኘው ነገር ትልቅ ከሆነ በኃይል ይመለሳል። ታዲያ አንዱን ሞገድ ጋደም አድርጎ፣ ሌላውን አቁሞ ነው የሚልከው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ ሲወርድ ጠፍጠፍ ስለሚል ጋደም ያለውና የቆመው የተለያየ ወሬ ይዘው ይመለሳሉ። በረዶ ግን እየተገለባበጠ ስለሚወርድ የሁለቱም ወሬ አንድ ነው።

"አንዱ እንደ ዳቦ፣ አንዱ እንደ ብርቱካን በይኛ" አለች እናት።

ልጇ ሳቀች። "እንደዛ ነው። ግን ራዳሩ የሚያየው ላይ ያለውን ነው እማዬ። ታችኛውን ሰፈር ኮረብታው ይከልልብናል፣ ከመሬት አጠገብ ያለው አይታየንም። መሬት ላይ ምን እንደደረሰ የሚነግረን ሰው ነው። አንቺ ማለት ነሽ።"

እናት ሻይዋን አስቀመጠች።

ልጇ ሌላ ካርታ ከፈተች። በላይኛው ሰፈር ብዙ ነጥቦች አሉ፤ ራዳሩ ያየውና ሰዎቹ የነገሩት የሚገጥምበት ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ ተደርጎበታል። ከታች በኩል ብቻዋን የቆመች አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ይቺ አንቺ ነሽ። ታችኛው ሰፈር ላይ ራዳሩ ይዋሻል።"

"ይዋሻል?"

"ወይን ጠጅ ያሳየናል፤ አንቺ ሽምብራ ትያለሽ። አንዴ ሁለቴ ቢሆን እንተወው ነበር፤ ሁልጊዜ ነው። መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብለን ፈተሽነው፤ ደህና ነው። በመጨረሻ የደረስንበት ምን መሰለሽ፣ ሰፈሩ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ በረዶው እየወረደ መንገድ ላይ ይቀልጣል።"

በዚህ መሀል ኃላፊው ገባ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ረጅም፣ ትሕትና የማይለየው ሰው ነው። ማን እንደሆነች ሲነገረው በሁለት እጁ ጨበጣት።

"ሽምብራዋ እርስዎ ነዎት!" አለ። "ተመልካቾቻችን እንደ እርስዎ ቢሆኑ የት በደረስን። ሰው ያጋንናል። ጥናቱን ስንጀምር አንዱ ሐብሐብ ብሎናል። መጀመሪያ የእርስዎን ተጠራጥሬ ነበር፤ ልጅዎ ናት እናቴ ካለች አለች ነው ብላ የሞገተችኝ።"

እናት ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጆሮዋ ጋለ። ኃላፊው ደግ ነገሩን ተናግሮ ጨርሶ ወደ ሥራው ዞረ፤ የነገ ጠዋቱን ስብሰባ ልጇን አስታወሳትና ከአንዱ ስክሪን ፊት ተቀመጠ።

"የምን ስብሰባ ነው?" አለች እናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"የማስጠንቀቂያው ነዋ። ታችኛው ሰፈር ከነገ ጀምሮ ከዝርዝሩ ይወጣል። በረዶ ሊወርድ ሲል በስልክ የሚመጣው መልእክት ለናንተ አይላክም።"

"ለምን?"

"በከንቱ ሰው ማሯሯጥ ነው እማዬ። ተጠንቀቁ ተጠንቀቁ ብለሽ ምንም ካልወረደ የእውነቱ ቀን የሚሰማሽ የለም። ጥናቱን ያቀረብኩትም እኔ ነኝ" አለች ልጇ፤ ይሄን ስትል ትንሽ ኮራ አለች።

"ልጄ…" አለች እናት።

"እ?"

እውነቱን ልትነግራት ነበር። ከልጇ ጀርባ ኃላፊው ተቀምጧል። ቃሉ ከወጣ የሚሰማው እሱም ነው፤ እናቴ ካለች አለች ነው ያለችው ልጅ ፊቷ በሰው ፊት ምን ይመስላል? እሑድ ስትመጣ ብቻዋን እነግራታለሁ አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ስብሰባው ነገ፣ እሑድ ከስብሰባው በኋላ መሆኑ ታወሳት።

"ሹራቡን ልበሺው" አለች። "ክፍሉ ይበርዳል።"

ስትወርድ መታጠፊያው ላይ ቆም ብላ ወደ ኋላ ዞረች። ነጩ ኳስ እዚያው ነበር። ያልሠራውን ጥፋት ሠራህ ተብሎ፣ ተፈትሾ፣ ተፈታትቶ፣ በመጨረሻም ውሸታም ተብሎ። አፍ ያለው ፍጡር ቢሆን ይቅርታ ትለው ነበር። አፍ ስለሌለው ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ከቀትር በኋላ ትምህርት ነበራት። ማንበብና መጻፍ የጀመረችው ልጇ ወደ ኮረብታው ከሄደች ወዲህ ነው። ክፍሉ የሕፃናት ነው፤ ልጆቹ ሲወጡ ትልልቆቹ ገብተው ጉልበታቸውን እያጠፉ ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። አጠገቧ የምትቀመጠው እንቁላል ሻጯ ናት፤ ለመማር የመጣችው ደንበኞቿ እንዳያታልሏት ነው ትላለች፤ የሚያውቋት ግን የምታታልለው እሷ ናት ይላሉ። በእነዚህ ሳምንታት አስተማሪዋ በስልክ መልእክት መጻፍ እያስተማረቻቸው ነው። መጀመሪያ ያስጻፈቻቸው ደህና ነኝ የሚለውን ነበር። እናት ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ የለመደችው እሱን ነው። አሁን ጣቷ ሳታየው ይጽፈዋል።

አስተማሪዋ ዛሬ እያንዳንዳቸው ለአንድ ሰው የሆነ ነገር እንዲጽፉ አዘዘች። እናት ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ልጄ ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አጣችው።

ስልኩ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በየጠረጴዛው ያሉት ስልኮችም ተራ በተራ ተንቀጠቀጡ። ሁሉም ወደ አስተማሪዋ አየ፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። አስተማሪዋ ግን ሰሌዳውን እየጠረገች ጀርባዋን ሰጥታለች። እናት ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች።

"በ…ረዶ ሊ…ጥል ይችላል" አለች ጮክ ብላ። ጣቷ ከቃል ወደ ቃል ሄደ። "ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ልጆችን ወደ ቤት… አስገቡ። ንብረታችሁን ሸፍኑ።"

አስተማሪዋ መጥረጊያውን እንደያዘች ዞረች። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ግን ሳያልቅ ሁሉም ተነስቶ ነበር። እንቁላል ሻጯ ደብተሯን ብብቷ ሥር ወሽቃ ወጣች።

"ይቺ መልእክት ነፍሷን ይማረውና" አለች እየሮጠች፣ መልእክትና ሟች ተምታተውባት። "ባለፈው ባትደርስልኝ ሱቄ ሙሉ እንቁላል መንገድ ላይ ተጠብሶ ነበር።"

"ያለ እሳት ነው የሚጠበሰው?" አለች እናት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

የታችኛውን ሰፈር መንገድ ስትወርድ ሰው ሁሉ የተሰጣውን ሲያነሳ፣ የተዘረጋውን ሲያጥፍ አየች። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ልጆቹን በሰልፍ ወደ ክፍል ያስገባሉ። ጫማ ጠጋኙ ዕቃውን ጠቅልሎ በረንዳ ሥር ገብቷል። ከነገ በኋላ ይሄ መልእክት አይመጣም። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሰማይ ወርዶ አናታቸው ላይ እስኪያርፍ ድረስ እንደተዘረጉ ይቆያሉ። የሚያውቀው ደግሞ ማንም የለም፤ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወድቅ የቲማቲሙን ሳጥን እያስገባች ነበር። ድምፁ ከትናንቱ የተለየ ነው፤ ከባድ፣ ችኮላ የሌለው፣ እየመረጠ የሚመታ። ላስቲኩ አንድ ቦታ ተቀደደ፣ ቀጥሎ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ ቀዳዳ መቁጠር ትርጉም አልነበረውም። ደጅ የቀረውን የመጨረሻ ሳጥን ለመጎተት እጇን ስታወጣ አንዱ የእጇን ጀርባ መታት። ሳጥኑን ለቀቀችው። ሕመሙ ከክንዷ እስከ ጥርሷ ተሰማት። ሮጣ የቆርቆሮ ሠሪው ሱቅ ውስጥ ገባች፤ የእሱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ድምፁ ጆሮ የሚበጥስ ስለነበር ሁለቱም ሳይነጋገሩ ቆመው ጠበቁ።

በረዶው አባርቶ ዝናቡ ብቻ ሲቀር ቆርቆሮ ሠሪው እጇን አየ። የእጇ ጀርባ አብጦ መጥቆር ጀምሯል። ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጠቀለለላት። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቶ አንድ ድንጋይ አንስቶ ገባ።

ስልኩ ጮኸ።

እናት ስልኩን አየችው። ስሙን ለማንበብ አሁን ጊዜ አልፈጀባትም። ጮኸ፣ ጮኸ።

"አታነሺም?" አለ ቆርቆሮ ሠሪው።

"አላነሳም። ካነሳሁ ሽምብራ ነው የምለው።"

ቆርቆሮ ሠሪው ያኔ ብቻ ነገሩን ከልቡ ያዳመጠ መሰለ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

"ጋሼ፣ ያቺን መለኪያህን አምጣት" አለች። "ከመቅለጡ በፊት ልጽፍላት ነው።"

የቆርቆሮ ውፍረትና የቱቦ አፍ የሚለካባትን ባለ ሁለት መንጋጋ መለኪያ ከመሳቢያ አወጣ። ድንጋዩን በመንጋጋዎቿ መሀል ያዘው፤ ወደ ብርሃኑ ዞሮ ዓይኑን አጠበበ። በጥንቃቄ አነበበው፣ ከዚያ ፊቱ ትንሽ ከፋ።

"አራት ሳንቲም ተኩል ነው" አለ። "ስድስት ብለሽ ጻፊ።"

"አራት ተኩል ነው የምጽፈው።"

"ቢያንስ አምስት በይ እንጂ። ለእኔም ስም ነው።"

"ጋሼ።"

"እሺ፤ አራት ተኩል" አለ፤ ድንጋዩንም ጣሳ ውስጥ አስቀመጠላት።

እናት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። የተመታችው ቀኝ እጇ ስለሆነች ስልኩን በግራዋ ይዛ፣ ከጨርቁ በወጣው አውራ ጣት መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የመጣው ደህና ነኝ የሚለው ነው፤ እጇ ሳትጠይቀው ጻፈው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘገየ። አንዱን ፊደል ፈልጋ ታጣለች፤ ታገኘዋለች፤ ሌላውን ትፈልጋለች። በአፍ ቢሆን ይሄኔ ምሳ በላሽ ወይ ብላ አልፋው ነበር። እዚህ ግን ምሳ መግባት የሚችልበት ቦታ አልነበረም። አንዱን ቃል ከጨረሰች በኋላ የሚጠብቃት የሚቀጥለው ቃል ብቻ ነው።

እንቁላል ያክላል ብላ ጻፈች። በመለኪያ አራት ሳንቲም ተኩል። ላስቲኩ ተበጣጥሷል። እጄን መትቶኛል፣ አብጧል። የትናንቱም ሽምብራ አልነበረም። የበፊቶቹም አልነበሩም። ራዳሩ አልዋሸም። ለኃላፊሽ ንገሪው።

በሩ ላይ እንቁላል ሻጯ ብቅ አለች፤ እንቁላሎቿ ሁሉ ደህና መሆናቸውን ለሰፈሩ እየዞረች ስትናገር ነው። የእናትን እጅ አይታ አፏን በመዳፏ ያዘች። ቆርቆሮ ሠሪው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛት።

እናት የጻፈችውን ከላይ ጀምራ አነበበችው። ልጇ ምን እንደምትሆን ታውቃለች። ከወንበሯ ትነሳለች፣ ኃላፊውን ታየዋለች፣ ፊቷ ይቀላል። ምናልባት ሞተር ብስክሌት ትለምን ይሆናል። መጨረሻው ላይ ዝናቡ ሳያባራ እንዳትመጪ፣ ስትመጪም በአውቶቡስ ነይ የሚል ጨመረችበት። ይሄን ስትጽፍ ከሌላው ሁሉ ፈጠነች።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ደህና ነኝ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። ልጇን ታውቃታለች፤ የእሷው ልጅ ናት። እሱን ካነበበች ትንፋሿን ትለቃለች፣ የቀረውን በግማሽ ዓይኗ ታየዋለች፣ እማዬ ደህና ናት ብላ ነገ ወደ ስብሰባዋ ትገባለች።

ስልኩ እጇ ውስጥ እንደገና መጮህ ጀመረ። እስኪያበቃ ጠበቀችው። ከዚያ ያበጠውን እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ከሁሉ በፊት የተማረችውን ቃል ከጫፉ ጀምራ አንድ አንድ ፊደል እያለች አጠፋችው፤ የቀረውንም ላከችው።